አሜሪካ ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ ሴናተራችሁ ጋ ደውሉ

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
ሰኔ 17 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ኢራን ኳታር ያለውን የአሜሪካ ጦር ሰፈር በሚሳኤል መታች ሲባል እኛ ሰፈር ስልክ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ሁሉም ዶሃ ላለች ልጁ፣ እህቱ፣ ሚስቱ ይደውላል። ሰው አልተጎዳም ተባለ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን። ዛሬ ደግሞ ተኩስ ቆመ እየተባለ ነው። ይሁን እስቲ።

የምጽፈው ግን ከዚህ ቀጥሎ ላለው ነገር ነው። ሰኔ 15 አሜሪካ ኢራንን በአውሮፕላን ስትደበድብ ኮንግረሱ ድምፅ አልሰጠበትም። በሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የምክር ቤቱ ነው። አሁን የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬን አንድ የውሳኔ ሐሳብ አቅርበዋል። ኮንግረስ ሳይፈቅድ ኢራን ላይ ውጊያ አይካሄድ የሚል ነው። በዚሁ ሳምንት ድምፅ ይሰጥበታል እየተባለ ነው።

«ደሴ ተቀምጠህ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል። ኳታር፣ ኩዌት፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ከወሎ ልጅ ያልሄደበት የለም። የቀረው ደግሞ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ተሻግሮ በየመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት ይሞክራል። ሚያዝያ 20 የመን ሰዓዳ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ስደተኞች የታሰሩበት ግቢ በአሜሪካ አውሮፕላን ተመታ። ቦታውን የያዙት ሁቲዎች የተናገሩት የሟች ቁጥር 68 ነው። አብዛኞቹ የኛው ልጆች ነበሩ። መጋቢት 6 አሜሪካ ሁቲዎቹ ላይ የጀመረችው ያ ዘመቻም በኮንግረስ ድምፅ አልተሰጠበትም ነበር። ሚያዝያ 28 በኦማን ሽምግልና ቆመ። የሞተው ግን ሞቷል።

እኛ እዚያ ድምፅ የለንም። እናንተ አላችሁ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታ፣ ቴክሳስ፣ ኮሎራዶ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ስልክ አንስታችሁ «ጦርነቱን ተቃወሙልን» በሉ። ለሰርግና ለለቅሶ ገንዘብ ስትልኩ አንድ ቀን አታረፍዱም። ይሄ ደግሞ ነፃ ነው።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ሰኔ 17

ወንድምዓለም፣ ነገርህ ልብ ይነካል። ግን ዋሽንግተን የኛን ሰው ይሰማል ብለህ ነው? እስቲ እዚህ መድረክ ላይ የራሱን ምርጫ ክልል ተወካይ ስም የሚያውቅ ይጻፍ። የራሱን እንደራሴ የማያውቅ ሕዝብ የሰው ሀገር እንደራሴ ሊመክር ተነሳ።


ሐራ ገበያ
ሰኔ 17

አሁን ለኢራን መንግሥት ጠበቃ ልንሆን ነው?


የጦሳ ልጅ
ሰኔ 17

@ሐራ ገበያ ኧረ አይደለም። የኢራን መንግሥት ለኔ ምኔ ነው? ሚሳኤሉን የላኩት እነሱ ናቸው፣ ልጆቻችን በተኙበት ከተማ አጠገብ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ቦምብ ከመጣሉ በፊት ሕዝብ የመረጠው ሰው ስሙ ተጠርቶ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ይበል። ይህን ለማለት ኢራንን መውደድ ያስፈልጋል?


ኩታበሬዋ (ዶሃ)
ሰኔ 17

እኔ እዚሁ ነኝ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ሳህን እያጠብኩ ሰማዩ በራ። ከዚያ ድምፁ መጣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ማዳም ልጆቹን ይዛ ኮሪደር ገባች፣ እኔንም ጠራችኝ፣ እግዜር ይስጣት። ጎረቤት ያለችው የሐይቅ ልጅ ግን በር ተዘግቶባት ብቻዋን ስታለቅስ ነው ያመሸችው። አየሩ ተዘግቶ አውሮፕላን የለም ሲባል «እዚሁ ቀረን» አለችኝ በስልክ።

እናቴ ደጋግማ ስትደውል አላነሳሁም። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ብትሰማው ትወድቃለች ብዬ።

እኛን ማንም አይጠይቀንም። ኳታር አንመርጥም፣ አሜሪካ አንመርጥም። ሀገር ቤትም ምርጫ ሲደርስ እዚህ ነን። አሜሪካ ያላችሁ ደውሉልን። ሌላ ምን እላለሁ።


አያ ሙሄ (ሐይቅ)
ሰኔ 17

አብሽሪ ልጄ። አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ። ለእናትሽ ደውይላት እንጂ፣ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ዝም ከማለት ይሻላል።


አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)
ሰኔ 18

ሰላም ወገኖች። እኔ ትውልዴ ወረኢሉ ነው፣ እዚህ ከመጣሁ ቆይቻለሁ። የመደወሉን ነገር ስለማውቀው ልጻፍ፤ ብዙ ሰው ስለሚፈራው።

መጀመሪያ፣ ሴናተሩን በስልክ አታገኙትም። ስልክ የሚያነሳው ቢሮው ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። ስማችሁንና ዚፕ ኮዳችሁን (የሰፈራችሁን የፖስታ ቁጥር) ይጠይቃል። የምትሉትን ይመዘግባል። በቀኑ መጨረሻ ስለዚህ ጉዳይ ይህን ያህል ሰው ደግፎ፣ ይህን ያህል ተቃውሞ ደወለ ተብሎ ይደመራል። በቃ፣ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። እንግሊዝኛዬ አያምርም ብላችሁ አትቅሩ። ስለ አድዋ ንግግር አታድርጉ። ሰዎቻችን ስልክ ከያዙ ከንግሥተ ሳባ ነው የሚጀምሩት። አንድ ነገር ብቻ በሉ፦ «ኮንግረስ ሳይፈቅድ ኢራን ላይ ጦርነት እንዳይካሄድ የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ እንዲደግፉ እፈልጋለሁ። እህቴ የምትኖረው ኳታር ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉ። የተጻፈለትን ሁሉም ሰው ያነባል፣ የራሳችሁን ሰው ስትጠሩ ግን ልጁ ቀና ይላል።

ሁለተኛ፣ ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለውም ይደውላል። እንደራሴው በክልሉ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ነው የሚወክለው። ደብዳቤ ግን አትላኩ። በ2001 እ.ኤ.አ. በፖስታ አንትራክስ ከተላከ ወዲህ ወደ ካፒቶል (የኮንግረሱ ሕንፃ) የሚገባ ፖስታ ተመርምሮ ስለሚያልፍ ይዘገያል። ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ዋናው ይሄ ነው። እኛ ቨርጂኒያ ያለነው አንዱ ሴናተራችን ራሱ ሐሳቡን ያቀረበው ነው። ደውለን ማመስገን ጥሩ ነው፣ አንድ ድምፅ ግን አይጨምርም። መደወል ያለበት ዳላስ ያለው፣ ኮለምበስ ያለው ነው። ያልወሰነ ወይም ሐሳቡን ሊቃወም ያሰበ ሴናተር ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ የአጎታችሁን ልጅ ቀስቅሱ። የካፒቶል ማዞሪያ 202-224-3121 ነው። የምትኖሩበትን ስቴት ስትነግሯቸው ወደ ሴናተራችሁ ቢሮ ያስተላልፏችኋል።


አያ ሙሄ (ሐይቅ)
ሰኔ 18

ልጆች፣ አሳባችሁን ሰምቻለሁ። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል።

አባቴ ደሴ በቦምብ ስትደበደብ ልጅ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928። የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ሳይቀር ቀይ መስቀሉ እየታየ ተመታ ይለን ነበር። ንጉሡ ያኔ ደሴ ነበሩ። ከዚያ ማይጨው ሆነ፣ ሀገር ተያዘ። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ንጉሡ ጄኔቭ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቀርበው ዓለምን ለመኑ። ምን አገኙ? ማዕቀብ ጣልን ያሉትም ነዳጅ አልከለከሉ፣ የስዊዝን ቦይ አልዘጉ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ ሕዝቡ «ጦርነት አንፈልግም» ይል ነበር፣ እንደራሴዎቹም ሰሙት። የከፈልነው እኛ ነን።

ደሴን ከጣሊያን ያስለቀቀው ማን ነው? አርበኞቻችን አምስት ዓመት ተዋድቀዋል፣ ያን የሚክድ የለም። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደሴ የገባው ግን በእንግሊዝ ሥር የነበረው የደቡብ አፍሪካ ጦር ነው። የኮምቦልቻን ገደል ተዋግቶ ነው የወጣው። እንግዲህ የውጭ ጦር ሁሉ አይንቀሳቀስ ካልን፣ ያ እንዴት ይሆናል? የተወረረ ሰው ሲጮህ «እንደራሴዬ፣ ተቃወምልኝ» ተብሎ ይተው?


ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ሰኔ 18

አያ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ይሄን ነው የምለው። ሁሉንም ጦርነት በአንድ አቁማዳ አይከቱትም።


የጦሳ ልጅ
ሰኔ 18

አያ፣ እጅ ነስቻለሁ። ያሉት እውነት ነው፣ ሳስበው ነው የዋልኩት።

ግን ልዩነት አለው። በ1928 እኛ ተወርረን «እርዱን» ብለን የማኅበሩን ቃል ኪዳን ይዘን ሄድን። የፈረሙትን እንዲፈጽሙ ነበር የጠየቅነው። ሰኔ 15 የሆነው ሌላ ነው። አንድ መሪ ማታ ወሰነ፣ ጠዋት ተነገረ። እኔ «እንደራሴው ሁልጊዜ እንቢ ይበል» አላልኩም። ይጠየቅ ነው። የተወረረ ሀገር አቤት ሲልም እኮ ጉዳዩ በግልጽ ቀርቦ ድምፅ ቢሰጥበት ለተወረረው ይበጃል። ያኔ የጎዳን እንግሊዝና ፈረንሳይ በጓዳ የተዋዋሉት ነው።

ይሄኛውን ግን እንቢ ይበሉት እላለሁ። ኢራን ላይ የተጀመረ ነገር በኢራን አያበቃም። ባሕረ ሰላጤው በሙሉ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነው፦ ኳታር፣ ባሕሬን፣ ኩዌት፣ ኤምሬትስ። የኛ ልጆች ያሉትም እነዚያው ቦታዎች ላይ ነው። ጦሩ መጠለያ አለው። የቤት ሠራተኛ ግን ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነው።


ወልድያ ላይ ጠበቃ
ሰኔ 18

ክርክሩ ደስ ይላል። «መደወል ዋጋ የለውም» ለሚለው ሁለት ነገር ላስታውስ።

አንደኛው የ2005ቱ የሶሪያ ጉዳይ ነው። ጉታ ላይ በኬሚካል መሣሪያ ሰው ካለቀ በኋላ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን ሶሪያ ላይ ወታደራዊ እርምጃ ይወሰድ ብለው ለፓርላማ ጥያቄ አቀረቡ። ነሐሴ 23 ቀን 285 ለ272 ተሸነፉ። የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ጭምር ተቃወሟቸው። ውጤቱን ተቀብለው ተዉት። ከዚያ ኦባማም እኔም ኮንግረስን እጠይቃለሁ አሉ። የእንደራሴዎቹ ስልክ ተጨናነቀ፣ አብዛኛው ደዋይ ተቃዋሚ ነበር። ሶሪያ የኬሚካል መሣሪያዋን እንድታስረክብ ከሩሲያ ጋር ስምምነት ተደረሰ፣ ድምፁም ሳይሰጥ ቀረ።

ሁለተኛው የየመን ነው። ሳዑዲ መራሹ ጦር መጋቢት 2007 ድብደባ ሲጀምር አሜሪካ ትረዳ ነበር፣ አየር ላይ ነዳጅ እስከ መሙላት። ተቃውሞው ሲበረታ ነዳጅ መሙላቱ በ2011 ኅዳር ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ሴኔቱ 54 ለ46፣ ታችኛው ምክር ቤት 247 ለ175 እርዳታው ይቁም አሉ። ትራምፕ ውድቅ አደረጉት። እሱን ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ሴኔቱ ያገኘው 53 ለ45 ነበር። አልተሳካም።

የ1973ቱ እ.ኤ.አ. የጦርነት ሥልጣን ሕግ ፕሬዚዳንቱ ጦር ባዘመተ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ እንዲያሳውቅ፣ ካልተፈቀደለትም በ60 ቀን እንዲያቆም ያዛል። ፕሬዚዳንቶቹ በየጊዜው ዙሪያውን ይሄዱበታል። የሬሳ ሕግ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ሕጉ ባይኖር ኬን አሁን ድምፅ ማስጠራት አይችሉም ነበር።


ቦርከና
ሰኔ 18

ጠበቃው፣ ሶሪያ ታዲያ ዳነች? እንግሊዝ አልገባም አለች፣ ሕዝቡ ግን ማለቁን ቀጠለ። ኬሚካሉም በኋላ ተመልሶ መጣ። የየመኑም በፊርማ ተሰረዘ። ምሳሌዎችህ ሁለቱም ለኔ ነው የመሰከሩት።


ወልድያ ላይ ጠበቃ
ሰኔ 18

አልዳነችም። አላልኩም። ድምፁ እንግሊዝን ከአንድ ጦርነት አስቀረ ነው ያልኩት፣ ሶሪያን አዳነ አላልኩም። እንደራሴ በራሱ ሀገር ጦር ላይ ነው የሚወስነው።


የመድረኩ አስተናጋጅ
ሰኔ 19

ሦስት አስተያየቶች ተነሥተዋል። በሃይማኖት መሰዳደብ እዚህ መድረክ ላይ የለም፣ ወሎ ነው ያለነው። ስለ ሱኒና ሺዓ መከራከር የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ።


ቦርከና
ሰኔ 19

እሺ፣ እኔ ወደ ጀመርኩት ልመለስ። አሜሪካኖቹን ተዉአቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። እዚህም ስለ ጦርነት ወሬው በዝቷል። ስለ ቀይ ባሕር የማያወራ ሻይ ቤት የለም። ነገ እኛው ድንበር ተሻግረን እንዝመት ቢባል፣ የኛን ተወካይ ማን ደውሎ «ተቃወም» ይለዋል? በምን ስልክ?


ወልድያ ላይ ጠበቃ
ሰኔ 19

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከቀደመው ሁሉ ይልቅ ይሄ ነው የሚያስጨንቀኝ።

በኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ረቂቁ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲመጣ። አንቀጽ 54 ደግሞ የተወካዩ ተገዥነት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው ይላል። ለፓርቲው አይልም። በሰጠው ድምፅ አይከሰስም። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበትም ሊያነሳው ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ከአሜሪካኖቹ አያንስም።

ተሞክሮም አለን። ኅዳር 21 ቀን 1999 ምክር ቤቱ የሶማሊያን እስላማዊ ፍርድ ቤቶች በተመለከተ መንግሥት አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ፈቀደ። ተቃውመው ድምፅ የሰጡ አባላት ነበሩ። በወሩ ሠራዊቱ ሞቃዲሾ ገባ። የወጣው ጥር 2001 ነው፣ አልሸባብ ግን እዚያው ቀረ። ትክክል ነበር፣ አልነበረም የሚለውን ለሌላ ክር ልተው። ያን ጊዜ ግን ከደሴ፣ ከወልድያ፣ ከላሊበላ ስንት ሰው ለተወካዩ «ልጄ ወታደር ነው፣ እንዴት ልትወስን ነው?» አለው? እኔ ስለ አንድም አልሰማሁም።


አያ ሙሄ
ሰኔ 19

ማን ይጠይቃል ልጄ። እኛ ጦርነት ሲመጣ ስንቅ እናዋጣለን፣ ሲያልቅ ሬሳ እንቀብራለን። መሐል ላይ ያለውን አናውቀውም። የ2014ቱን ጥቅምትና ኅዳር እዚህ አላነሳውም፣ ሆድ ይፍጀው። ያን ያየ ሰው ግን የሌላ ሀገር ከተማ ሲደበደብ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ አያጨበጭብም።

በጠበቃው ነገር እስማማለሁ። ለተወረረ መድረስ ግን ሐቅ ነው፣ ከሱ አልወርድም።


ኩታበሬዋ (ዶሃ)
ሰኔ 19

አያ፣ ለእማማ ደወልኩላት። አየሩም ተከፍቷል። ማዳም ደግሞ ሥራ ጨመረችብኝ፣ ሰላም መሆኑን ያወቅኩት በዚያ ነው 😄


አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)
ሰኔ 21

ወገኖች፣ ውጤቱ ወጣ። እዚህ ዓርብ ማታ ነበር፣ እናንተ ጋ ሌሊት። የኬን ሐሳብ 47 ለ53 ወደቀ።

ከሪፐብሊካን የደገፈው የኬንተኪው ራንድ ፖል ብቻ ነው። ከዴሞክራት የተቃወመው የፔንሲልቬንያው ጆን ፌተርማን ብቻ። ሁለቱ የቨርጂኒያ ሴናተሮቻችን ደግፈዋል። አራት ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ያልፍ ነበር። ቢያልፍም ታችኛው ምክር ቤት ነበረ፣ ከዚያም የፕሬዚዳንቱ ፊርማ። ይህን አልደብቃችሁም።


ሐራ ገበያ
ሰኔ 21

በቃ፣ ተደወለ ተደወለ፣ ወደቀ።


ወልድያ ላይ ጠበቃ
ሰኔ 21

@ሐራ ገበያ መስከረም 4 ቀን 1994፣ መንታዎቹ ሕንፃዎች በወደቁ በሦስተኛው ቀን፣ ለፕሬዚዳንቱ የጦር ፈቃድ ሲሰጥ የታችኛው ምክር ቤት ድምፅ 420 ለ1 ነበር። አንዷ የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ናቸው። ያኔ የግድያ ዛቻ ደርሶባቸዋል። ያ አጭር ወረቀት ከአፍጋኒስታን አልፎ በብዙ ሀገር ለሚደረግ ድብደባ መነሻ ሆነ፣ ሶማሊያና የመን ጭምር። አሁን ሴኔት ውስጥ ያልተፈቀደ ጦርነትን የተቃወመው 47 ሰው ነው። ከ1 ጋር አስተያየው።


የጦሳ ልጅ
ሰኔ 21

የደወላችሁ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ደግሞ አንድ ነገር እናድርግ። ምክር ቤታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ እስከ መስከረም መጨረሻ ተወካዮቹ እረፍት ላይ ናቸው፣ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይመጣሉ። ስብሰባ ሲጠራ አንድ ሰው ተነሥቶ «የጦርነት ረቂቅ ቢመጣ ድምፅ ከመስጠትህ በፊት መጥተህ ትጠይቀናለህ ወይ?» ይበል።


ቦርከና
ሰኔ 21

ውሃና መንገድ ሳይጠየቅ ጦርነት የጠየቀ ሰው ማይክ ይነጠቃል። እኔ ኮምቦልቻ ላይ እሞክራለሁ፣ ግን ከውሃው በኋላ ነው የማነሳው። የተወካዩንም ስም መጀመሪያ ልፈልግ።


ኩታበሬዋ (ዶሃ)
ሰኔ 21

አሌክሳንድሪያ፣ ያ ፔንሲልቬንያ ያልከው ፊላደልፊያ ያለበት ነው? የአክስቴ ልጅ እዚያ ነው፣ መኪና ይነዳል። አሁን ልደውልለትና ይንገራቸው?


አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)
ሰኔ 21

አዎ እህቴ፣ እዚያው ነው። ዛሬና ነገ ቢሮ ዝግ ነው፣ ቮይስ ሜይል ግን ይቀበላል። ሰኞ ከጠዋቱ በፈረንጅ 9 ሰዓት ጀምሮ ሰው ያነሳል፣ በናንተ ከቀኑ 10 ሰዓት ማለት ነው። እንዳይሳደብ ንገሪው። ስልክ የሚያነሳው ልጅ ድምፅ አልሰጠም። «እንዲህ መርጠዋል፣ ቅር ብሎኛል፣ የአክስቴ ልጅ ዶሃ ናት፣ በሚቀጥለው ሲመጣ እከታተላለሁ» ይበል። ዚፕ ኮዱን እንዳይረሳ።